ዘለቀና የሞራ ግራሞፎኑ

ዘለቀ ሞተ ብለው የነገሩኝ የአንድ ደንበኛ ትከሻ እየለካሁ ሳለ ነው። «አያ ዘለቀ አረፉ፤ የግራሞፎኑ» አለኝ የመጣው ሰው፣ ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቶ። እኔ ሜትሬን ከደንበኛው ትከሻ ላይ ሳላነሣ «እህ» አልሁ። ሰውየው ቆሞ ጠበቀኝ። ለሞተ ሰው ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ይላል፣ እኛም አላህ ይርሐመው እንላለን፤ ይህን ያህል ማለት ለማንም አይከብድም። የእኔ አፍ ግን እንደ ተሰፋ ኪስ አልከፈት አለ።

ከቀብሩ አልቀረሁም፤ ቀብር መቅረት ነውር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከሌሎቹ እስላሞች ጋር ቆሜ የሚባለውን ሁሉ ሰማሁ። ጨዋታ አዋቂ ነበር አሉ። ለድኻ ሠርግ በነጻ ያጫውት ነበር፣ በዝናብ እንኳ ሣጥኑን አሸክሞ ይመጣ ነበር፣ ካለው ላይ ቆርሶ ያበላ ነበር አሉ። ሁሉም እውነት ነው። የሚያቅለሸልሸኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንደ ክፉ ሰው ጠልቼው እገላገል ነበር። ዘለቀ ክፉ አልነበረም፤ ቆሻሻ ነበር። እጁ ቆሻሻ፣ ሥራው ቆሻሻ፣ ከአፉ የሚወጣው ነገር ቆሻሻ። ሰው ሁሉ አያ ዘለቀ ይለዋል፤ እኔ ግን «አያ»ውን ከነጠቅሁት ቆይቻለሁ።

ከዘለቀ ጋር ጎረቤት በነበርን ጊዜ ጣልያን ገና አልገባም። ፒያሳ የሚባል ስምም ገና አልመጣም፣ አራዳ ነው የምንለው። ሱቄ ከገበያው በታች፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበረች። በአንድ ጎኔ ኮርቻ ሰፊው እንድሪስ ነበር፣ በሌላው ጎኔ ዘለቀ። ዘለቀ የአንድ ግሪክ ነጋዴ አሽከር ሆኖ ኖሮ፣ ግሪኩ አገሩ ሲገባ አሮጌ ግራሞፎኑን ከጥቂት የዘፈን ሸክላ ጋር ሰጥቶት ሄደ። በማግሥቱ ዘለቀ «የብረት ሐኪም ነኝ» ብሎ በር ከፈተ። ማን ሐኪም እንዳደረገው የጠየቀው የለም። አራዳ እንዲህ ናት፤ አፍ ካለህ ሥራ አለህ።

ከሁሉ በፊት የምትቀበልህ ሽታው ነበረች። ለፈረንጅ መኪና የሚሆነው ቀጭን ዘይት ከሕንዶቹ ሱቅ ይገኛል፤ እኔም ለስፌት መኪናዬ እገዛዋለሁ። ዘለቀ ግን አይነካውም። «ቀጭን ዘይት የሰነፍ ቅባት ነው፤ ዛሬ ቀብተኸው ነገ ይተናል። ሞራ ግን ታማኝ ነው» ይላል። ከሉካንዳ የበግ ሞራ እየለመነ በተሰበረ ዋንጫ ያስቀምጣል፣ እሱንም በጣቱ እየዛቀ ግራሞፎኑን ይቀባል፣ ጣቱን ደግሞ ጠጉሩ ላይ ይጠርጋል። በጋ ሲሆን ዋንጫው ውስጥ ዝንብ ይሞታል። ዝንቧን አውጥቶ አይጥላትም፤ ወደ ዳር ገፋ አድርጎ ከጎኗ ይዝቃል። በዚያው እጁ እንጀራ ይቆርሳል። ስንት ጊዜ «ጉረስ፣ በሞቴ» ብሎኝ፣ ስንት ጊዜ ጾሜን ነኝ ብዬ እንደ ዋሸሁት አላህ ያውቃል።

መርፌውም ሌላ ጉድ ነበር። የግራሞፎን መርፌ አንድ ሸክላ ተጫውቶበት ይጣላል፤ ይህን ግሪኩ ነግሮት ነበር። ዘለቀ ግን መርፌ አይጥልም። የደነዘውን በደጃፉ ድንጋይ ይስለዋል፣ ምላሱ ላይ አድርጎ ጫፉን ይፈትሻል፣ ከዚያ መልሶ ይሰካዋል። ሸክላው ላይ አቧራ ካለ እንትፍ ይልበትና በእጅጌው ይወለውለዋል። እኔ ጨርቄን አቧራ ሲነካው የማልወድ ሰው ነኝ፤ ይህን ሁሉ በየቀኑ በጎረቤት እያየሁ መኖር ምን እንደሚመስል አስቡት።

ስለ ግራሞፎን የማያውቅ ካለ ነገሩ እንዲህ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሞላ አለ። እጀታውን ስትጠመዝዘው ሞላው ይጠቀለላል፣ ሲለቀቅ ደግሞ በጥርስ መዘውር አድርጎ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ያዞራል። ሞላ ጉልበት እንጂ ልክ የለውም፤ ጠግቦ ሲነሣ ይሮጣል፣ ሊያልቅ ሲል ያነክሳል። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ከሥሩ ልጓም አበጁለት። አንዲት ቀጭን ዘንግ ትሾራለች፣ በዘንጓ ዙሪያ በሦስት ስስ ብረቶች ላይ ሦስት የእርሳስ ፍሬዎች ታስረዋል። ዘንጓ ስትፈጥን ፍሬዎቹ ወደ ውጭ ይበራሉ፣ ሲበሩም አንድ ትንሽ ቆዳ ላይ ይጫኑና ፍጥነቱን ይይዙታል። ልጓሙ ደኅና ከሆነ ሳህኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ልክ ይዞራል፣ የሰው ድምፅም የሰው ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ልጓሙ ከታመመ ዘፋኙ አንዴ ሴት፣ አንዴ ሽማግሌ ይሆናል።

የዘለቀ ግራሞፎን ታማሚ መሆኑን ለረጅም ጊዜ ማንም አላወቀበትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሸክላዎቹ ሁሉ የግሪክ፣ የዓረብ፣ የፈረንሣይ ነበሩ። የፈረንሣይ ዘፈን ሲዛባ ከአራዳ ሰው ማን ያውቀዋል? ድምፁ ሲንገዳገድ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ካለ ዘለቀ «ፈረንጅ ሲያዝን እንዲህ ነው የሚዘፍነው» ይላል። ሲፈጥን «ይህ ደግሞ የደስታ ነው» ይላል። ሰውም ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ጧት ጧት ሞራው በብርድ ሲረጋ ዘፋኙ ሁሉ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያቃስት ይመስላል፤ ቀትር ላይ ሞራው ሲቀልጥ ያው ዘፋኝ እንደ ፍየል ግልገል ይጮኻል። ዘለቀ ለዚህም መልስ ነበረው። «ጧት የተነሣ ሰው ድምፁ ይጎረንናል፤ አንተስ ጧት እንዴት ነህ?»

እዚህ ላይ እንድሪስን ላስተዋውቃችሁ። የወሎ ሰው ነው፣ ከእኔው አገር። ጠጅ ቀርቶ ጠላ በደረሰበት ቤት ውኃ የማይጠጣ ሰው ነበር። ኮርቻ ሲሰፋ ያንጎራጉራል፤ ወስፌው ቆዳውን በወጋ ቁጥር አንድ ምት፣ በወጋ ቁጥር አንድ ምት። ከጎኑ ተቀምጬ ስሰፋ እግሬ ሳይታወቀኝ በሱ ምት መኪናዬን ይረግጥ ነበር። በሠርግ ሲጠሩት ይዘፍናል፣ ዋጋ አይቀበልም። አንድ ጊዜ ድምፅ የሚቀርጽ ፈረንጅ መጥቶ ሆቴል አርፎ ዘፋኝ ሲያፈላልግ እንድሪስንም ወሰዱት። ሄዶ ዘፈነ፣ ተመልሶም ሥራውን ቀጠለ። የተቀረጸው ባሕር ተሻግሮ ሸክላ ሆኖ እስኪመጣ እንድሪስ በተስቦ ሞተ። ሸክላዎቹ በባቡር ሲመጡ ሣጥኑ ተሰባብሮ ኖሮ፣ ለቤተሰቡ የደረሰችው አንዲት ሸክላ ብቻ ናት።

ሚስቱ ዘሃራ ሸክላዋን በነጠላ ጠቅልላ ስታመጣት ዓይኗ ያበራ ነበር። ልጇ መዲና አባቷ ሲሞት ገና ታናሽ ስለ ነበረች ድምፁን አታስታውሰውም። ዘሃራ የፈለገችው ይህን ነው፤ መዲና የአባቷን ድምፅ እንድትሰማ። ሌላ ግራሞፎን የምናውቀው በትልልቅ ሰዎች ቤት ነው፣ እዚያ ደግሞ ማን ያስገባናል? ስለዚህ ወደ ዘለቀ ሄደች። ዘለቀ ዋጋ አልጠየቃትም። ሣጥኑን አሸክሞ በኅዳር ብርድ በጧት እቤቷ ድረስ መጣ። እኔም ተጠርቼ ነበር።

እጀታውን ጠመዘዘ፣ እንትፍ ብሎ ወለወለ፣ መርፌውን አሳረፈ። ከጡሩንባው የወጣው እንድሪስ አልነበረም። ወፍራም፣ የሚጎተት፣ ምላሱ የተሳሰረ ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መልሶ ይዘቀዝቃል፣ ቃሉ መሐል ላይ ይሟሟል። መዲና እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ዘሃራ ፈገግታዋን ይዛ ለመቆየት ስትታገል አየሁ። ዘለቀ ግን ሳቀ፤ የልቡን ሳቅ፣ ድዱ እስኪታይ።

«ወንድሜ እንድሪስ ያን ለት ቀማምሶ ነበር!»

«ምን አልህ?» አለች ዘሃራ።

«አትቆጪ እትዬ ዘሃራ። ፈረንጅ ዘፋኝ ሲቀርጽ መጀመሪያ ኮኛክ ነው የሚያቀርበው፤ ድምፅ ያለሰልሳል ይላል። እኔ ግሪኩ ቤት ስንቴ አይቻለሁ። እምቢ ማለት ያፍራል ሰው።»

«እንድሪስ ሽታውንም አያውቀውም።»

«እኔም ቤቱ አልጠጣም ይሆናል ነው የምለው። ሸክላ ግን አይዋሽም።»

ይህን የተናገረው በክፋት አይደለም፤ ሳቅ ስለ መጣለት ብቻ ነው። ዘለቀ የሳቅ ነገር አፉ ላይ ከመጣ የገዛ እናቱም ብትሆን አይምራትም። እኔ በመንገድ ላይ ይዤው «ይህ የግራሞፎንህ ጥፋት ነው» አልሁት። ሱቄ አስገብቼም የስፌት መኪናዬን አሳየሁት። የእግር መርገጫውን ከላይኛው መዘውር ጋር የሚያገናኘው ጠፍር ቅባት ሲነካው ይንሸራተታል፣ ስፌቱም አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናል። «እዚያም ያው ነው፤ ሞራህ ልጓሙን አንሸራትቶታል፣ ጧት ደግሞ አስሮታል» አልሁ።

«አንተ ሰይድ፣ ያንተ ጨርቅ ነው፤ የእኔ ሙዚቃ ነው» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የጣቶቹ ቅባት ኮቴ ላይ ቀረ። ኮቱን ሁለተኛ አልለበስሁትም።

ለዘሃራም ነግሬያታለሁ። «አንተ የእንድሪስ ጓደኛ ነህ፤ ለሱ ታደላለህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሸክላው ባነሣባት ቁጥር ሥራ ትፈጥራለች። ዝም ማለቷን የሐዘን አድርጌ ተረዳሁት።

ሸክላዋም ከዘለቀ እጅ ሳትወጣ ቀረች። «አይጥ ይበላብሻል፣ ሕፃን ይሰብርብሻል፤ የሸክላ ቤቱ ሣጥን ነው» ብሎ አሳመናት። እሷም ያን ድምፅ ሁለተኛ መስማት ስላልፈለገች ይመስለኛል ተወችለት። ምን እንደሚሠራባት የደረስሁበት ለአንድ ጠጅ ቤት ባለቤት ካፖርት ሰፍቼ ላደርስ የሄድሁ ለት ነው። ገና ከደጅ የጠጪው ሳቅ ይሰማል። ዘለቀ መሐል ላይ ተቀምጦ ግራሞፎኑን ያጫውታል፤ የሚጫወተው እንድሪስ ነው። ቤቱ በሰውና በፋኖስ ስለ ሞቀ ሞራው ቀልጧል፤ ያ ረጋ ያለ ሰው እንደ ግልገል እየጮኸ ይሮጣል፣ መሐል ላይ ይወላገዳል፣ እንደገና ይሮጣል። «የሰካራሙን ድገምልን!» ይላሉ። አንዱ ብርሌውን አናቱ ላይ አድርጎ እየተንገዳገደ ሲያስመስለው ዘለቀ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ካፖርቱን ባንኮኒው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ስደርስ አፌ ውስጥ የሞራ ጣዕም ነበር፤ ሳልበላው።

የእንድሪስ ስም እንዲህ ሆኖ ከእንድሪስ ተለየ። «ማን ነው እሱ?» ሲባል «ሸክላ ላይ ሰክሮ የዘፈነው» ማለት ተለመደ። የሞተ ሰው ወጥቶ አይከራከር።

ዓመታት አልፈው መዲና ለባል ስትደርስ የወርቅ ነጋዴው የሐጂ ኑሩ ልጅ ፈለጋት። ሐጂ ኑሩ በአራዳ እስላሞች ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ፣ ለማንም ፊት የማይሰጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ተላከ፣ ነገሩ ተቀባይነት አገኘ፣ ሊቆረጥ ሲል ወሬው ደረሳቸው። ሐጂ ራሳቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዘሃራ ቤት መጥተው ተቀመጡ፤ እኔንም እንደ ቤተ ዘመድ አስጠሩኝ።

«ልጄ ዘሃራ» አሉ ሐጂ፣ «መዝፈኑን አለፍንለት፤ የሠርግ ዘፈን ነው። መጠጡን ግን ሰው ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁ ይላል። ነገ በልጅ ልጆቼ ላይ የሚወረወር ነገር ነው። እውነት ከሆነ ንገሪኝና በክብር እንለያይ።»

ዘሃራ መሬት መሬት አየች። ዝምታዋ እኔን አሳበደኝ። «ሐጂ፣ ሸክላው እዚሁ ይምጣ። ግራሞፎኑም ከነባለቤቱ ይምጣና እርስዎ ራስዎ ይስሙት፤ ከዚያ ሆዱ ይከፈት» አልሁ።

ዘለቀ ተጠራ። ለምን እንደ ተጠራ እያወቀ እየሳቀ ነው የገባው። ለሁሉም እጅ ነሣ፣ ሣጥኑን አስቀመጠ፣ ጠመዘዘ። ጧት ስለ ነበር ያው ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ተጎተተ፣ ተንገዳገደ። አንዱ ሽማግሌ «ላኢላሀ ኢለላህ» አለ በቀስታ። መዲና ጓዳ በር ላይ ቆማ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር። የሷን ፊት ሳይ ዘለቀን አንቄ ብይዘው ደስ ባለኝ።

«አሁን ክፈተው» አልሁት።

«ኧረ ሰይድ፣ ሆዱን መክፈት ደግ አይደለም። ለብረት ንፋስ አይስማማውም፤ ምች ይመታዋል።»

«ክፈተው» አሉ ሐጂ።

ብሎኑን ፈታ፣ ክዳኑን አነሣ። አስቀድሞ ሽታው ወጣ፤ የከረመ ሞራ፣ የጎመዘዘ ጠጅ፣ የሞተ ነገር። ሐጂ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ያዙ። ሞላው ያለበት ከበሮ በጠቆረ ሞራ ተለስኗል፣ ሞራው ላይ የበረሮ እግርና ክንፍ ተጣብቋል። በማዕዘኑ አይጥ ጎጆ ሠርታ፣ ወልዳ፣ ትታው ሄዳለች፤ ግልገሎቿ ደርቀው እዚያው ናቸው። ሰው ሠርግ ቤቱ ድረስ እያስገባ ሲጨፍርበት የኖረው ይህ ነው። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፣ ሲያስመልስ ሰማነው።

እኔ ልጓሙን ነበር የምፈልገው። ሞራውን በስንጥር ፍቄ ፍሬዎቹ ጋ ደረስሁ። ሁለቱ እርሳስ ናቸው። ሦስተኛውን ስነካው ጥፍሬ ገባበት። ሰም ነው፤ የጧፍ ሰም፣ ተድቦልቡሎ በክር የታሰረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እሷማ ወድቃ ጠፋችብኝ» አለ ዘለቀ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ስንቴ ፈልጌ፣ በኋላ በእጄ ሠራኋት። እያት እስኪ፣ ከሁለቱ በምን ትለያለች? ያው ናት፣ ልክ እነሱን ነው የምታክል።» ኩራት ነበር በድምፁ ውስጥ። ለሐጂ እጁን ዘርግቶ አሳያቸው።

አላህ ሲያመጣው እንዲህ ነው፤ ይህን በአራዳ ለማንም ቢነግር ኖሮ «እውነትህን ነው» ይሉት ነበር። የተናገረው ግን ዕድሜያቸውን ወርቅ ሲመዝኑ ለኖሩ ሰው ነው። ሐጂ ሰሟን ተቀብለው በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጓት።

«ነሐስም ወርቅን ያክላል» አሉ። «በምን ለየናቸው እስከ ዛሬ?»

«በመልክ አይደል?» አለ ዘለቀ።

«በሚዛን ነው» አሉ ሐጂ። ቀጥለው ጠየቁት፤ «መቼ ነው የጠፋችው?»

«ኧረ ጥንት። ግሪኩ እንደ ሄደ ወዲያው።»

«የእንድሪስ ሸክላ ከመምጣቱ በፊት?»

«በፊት እንጂ።»

«እያወቅህ ነው ታዲያ ሰውየውን ሰክሯል ያልኸው?»

ዘለቀ ራሱን አከከ። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም፤ ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር። «አላሰብሁትም። አንድ ለት አልሁት፣ ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅ ደስ ይለኛል።»

ሐጂ ሱቃቸው ልከው የወርቅ ሚዛናቸውን አስመጡ። በሰሟ ምትክ የሚሆነውን እርሳስ ከገዛ ዝናራቸው ጥይት ነው ያወጣነው። አንዷን ደኅና ፍሬ በአንድ ወገን አደረጉ፣ የጥይቱን እርሳስ በሌላው ወገን፤ እኔ በቢላ ስፍቅ እሳቸው ሲመዝኑ፣ ስፍቅ ሲመዝኑ፣ የሚዛኗ ምላስ መሐል ላይ ቀጥ አለች። በወስፌ በስቼ በሽቦ አሰርኋት። ሣጥኑን በላምባ አጠብሁ፣ በቀጭኑ ዘይት አራስሁ፣ ሞራ የጠጣውን ቆዳ ጥዬ አዲስ ቆረጥሁለት። አዲስ መርፌም ከሕንዱ ሱቅ ተገዛ። ዘለቀ ይህን ሁሉ ሲያይ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «ጎበዝ፣ እንደሱ፣ እንደሱ» ይለኛል፣ እሱ ያዘዘኝ ይመስል። ላምባውን ፊቱ ላይ ልደፋው ምንም አልቀረኝም።

ሳህኑ አጠገብ ፍጥነት የሚያስተካክሉባት አንዲት ብሎን አለች። ዘፈኑን አስነሣሁና በብሎኗ ላይ ጣቴን አደረግሁ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ከፍ ይበል እንጂ አይወላገድም፣ በአንድ ክር ይሄዳል። ልቀንስ ስል ከኋላዬ ዘሃራ ተናገረች፤ ያን ለት ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ቀንሰው።»

ቀነስሁ።

«ትንሽ አሁንም። ... አይ፣ አለፈ። መልሰው።»

መለስሁ።

«በቃ። እዚያ ላይ ተወው።»

እንድሪስ ነበር። በየድንጋዩ የተሳለ መርፌ ሸክላውን ስለ ፋቀው ድምፁ ከዝናብ ጀርባ የሚመጣ ይመስላል፤ እሱ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ያ ረጋ ያለ፣ ቃሉን የማይውጥ፣ ወስፌ በሚወጋበት ምት የሚሄድ ድምፅ። መዲና ከጓዳ በር መጥታ ጡሩንባው ሥር ተቀመጠች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሣችም።

«ይህ የጠጣ ሰው ድምፅ አይደለም» አሉ ሐጂ። «አላህ ይርሐመው። ነገራችን እንዳለ ነው፤ ልጅቷ ልጃችን ናት።»

ቤቱ ተነፈሰ። ሽማግሌዎቹ ተመራረቁ። ሰው ደስ ሲለው ወዲያው ሁሉን ማስታረቅ ያምረዋል፤ ደጅ ወጥቶ ሲያስመልስ የነበረው ሽማግሌ ራሱ ዘለቀን ክንዱን ይዞ ዘሃራ ፊት አቆመው። «ሥጋ ለባሽ ነው፣ ተሳስቷል። ይቅር በይው፤ የደስታ ቀን ነው» አላት። ዘለቀ ተንበርክኮ ጉልበቷን ነካ። «እኔስ ምን አደረግሁ፣ ሰሟ ናት እንጂ» አለና ፈገግ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። እኔ ይህን ሳቅ እስከ ዛሬ እጸየፈዋለሁ።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች ዘሃራ።

«አላህ ይባርክሽ» አሉ ሁለቱ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ዓይኗ ሸክላው ላይ ነበር። «እኔ አምኜው ነበር» አለች፣ የቤት ወሬ እንደምታወራ ሰው። «ሰክሯል ሲለኝ አመንሁ። ለካ ደብቆኝ ሲጠጣ ኖሯል አልሁ። ሰደቃ አወጣለት ነበር፣ ተውሁት። መቃብሩን ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ልጁ ስለሱ ስትጠይቀኝ ዝም አሰኛታለሁ። ከአያ ዘለቀስ እናንተ አስታረቃችሁኝ። ከሱ ማን ያስታርቀኝ?»

ሐጂ ኑሩ ስንት የደም ነገር ያስታረቁ ሰው ናቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ አወረዱ።

ዘለቀ ብቻ ከተንበረከከበት ተነሣና እጀታውን ያዘ። «ልድገመው እንዴ?» አለ።